ከሆሳዕና እስከ ለቡ፦ አንድ እጢና ሁለት ታማሚዎች

ሰው አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ «ምን አየህ?» ይባላል። እኔ ያየሁት ለቡን ነው፤ ያውም ግማሹን፤ ሌላው ግማሽ ገና እየተሠራ ነበር። ሐውልት አላየሁም፣ ሙዚየም አልገባሁም፣ የባቡር ጣቢያውንም ከሩቅ ጣሪያውን ብቻ ነው ያየሁት። ቢሆንም ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ የሚገባው ሁሉ ስለሚጠይቀኝ፣ አንዱን ታሪክ በቀን አሥር ጊዜ ማውራትም ስለሰለቸኝ፣ ይኸው ጻፍኩት። አብዛኞቻችሁ ወደዚያ የሚያስኬድ ጉዳይ የላችሁም። እንዳይኖራችሁም እመኛለሁ።

የማታውቁኝ ካላችሁ ስሜ ደስታ ነው፤ ሆሳዕና ገበያ ዳር የወንድ ልብስ እሰፋለሁ። ዕድሜዬ ወደ ስልሳው ተጠግቷል። በግራ ጡቴ ጫፍ ሥር አንድ ጠንካራ ነገር በቅሎብኝ ነበር። አሁን «ጡቴ» ብዬ በድፍረት ስጽፍ አትዩኝ፤ ያኔ ለራሴ እንኳ «ደረቴ» ነበር የምለው፤ ለሌላ ሰውማ ጭራሽ አልተነፈስኩም። መጀመሪያ ስነካው ሽምብራ ያክል ነበር። ስፌት መኪናው ላይ ስደገፍ ተመቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ዓመት አለፈው፤ ሎሚ አከለ። በመጨረሻ ባለቤቴ ታደለች ሸሚዜን ልታጥብ ስትል ኪሱ ላይ የደም ነጥብ አየች። አልጮኸችም፣ አልጠየቀችኝም፤ ሸሚዙን ፊቴ ዘርግታ ቆመች። የጤና ጣቢያው ሐኪም ወረቀት ጻፈልን፤ ታደለችም ለቡ ለሚኖረው ለታናሽ ወንድሟ ለታምራት ደወለችና ጉዞው ቁርጥ ሆነ።

ሰኞ

ለጎረቤት «ክር ልንገዛ ነው» ብለን በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። ለአንድ ልብስ ሰፊ ክር ሁለት ሰው አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ታደለች ለወንድሟ ቤት ሁለት ጥቅል ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ አንድ ጣሳ ቅቤም ይዛለች። ረዳቱ ጣሳውን ከሻንጣዎቹ ሁሉ በላይ አስቀመጠው። ከወራቤ በኋላ ፀሐዩ በረታ። ቡታጅራ ለምሳ ስንወርድ ቅቤው ቀልጦ የአንድ ወጣት ተሳፋሪ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ኮቱን አርሶት አገኘን። ልጁ ለጓደኛው ሠርግ ሚዜ ሊሆን እየሄደ ነበር።

ልብስ ሰፊ ሆኖ እንዲህ ያለ ኮት አይቶ ምሳ የሚበላ ሰው የለም። ከምግብ ቤቱ ዱቄት ለምኜ ኮቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁና ቅቤውን በዱቄት አስመጥጥ ጀመር። እጄ እስከ ክርኔ ነጭ ሆነ። ልጁ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ ተቀምጦ ክትፎውን እየጠቀለለ ያጎርሰኝ ጀመር። «ይብሉ አባት፤ እኔን ማንም አያየኝም፣ የሚታየው ሙሽራው ነው» አለኝ። ታደለች ይህን እያየች መንገዱን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ዓለም ገና ወርደን በታክሲ ወደ ለቡ ተሻገርን። ታምራት መንገድ ዳር ጠበቀን። ሙያው የጂፕሰም ሥራ ነው፤ ከሚስቱ ከአስቴር ጋር የሚኖረው ወደ ለቡ መብራት ኃይል በኩል፣ ገና በማለቅ ላይ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሲሚንቶውንና ብረቱን እንዲጠብቁለት ምድር ቤቱን ሰጥቷቸዋል። ቤቱ ሰፊ ነው፤ የእኛ ቤት አራት ጊዜ ይገባበታል። በር ግን የለውም። የመታጠቢያ ቤቱን ጨምሮ በየክፍሉ የተሰቀለው መጋረጃ ነው። እኛ አገር የዶሮ ቤት እንኳ በር አለው። እዚህ ሳሎን ውስጥ ያስነጠሰውን ከመኝታ ቤት «ይማርህ» ይሉታል። ማታ እራት የቀረበልን ፓስታ በእንጀራ ነበር፤ አስቴር በጎኑ የእኛን ቆጮ ጨመረችበትና ሦስቱን አንድ ላይ በላን። ክፉ አልነበረም።

ማክሰኞ

ሆስፒታሉ ከቤት ብዙም አይርቅም። እኛ ጋ ሐኪሙ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አባቱም ምን እንደሚወድ ታውቃለህ። እዚህ መስታወት ነው የሚያነጋግርህ። የካርድ ክፍሏ ልጅ አንገቷን ሳታቀና «ስም?» አለች። «ደስታ» አልኳት። ወረቀቱን አየት አድርጋ ኮምፒውተሩ ላይ ነካካች፤ «ጡት ክሊኒክ፣ ሁለተኛ ፎቅ» አለች። ጾታ የሚለው ላይ «ሴት» ብላ እንደሞላች ያወቅሁት ሳምንት አልፎ ነው። አልፈርድባትም። ደስታ ወንድም ሴትም የሚጠራበት ስም ነው፤ ለጡት ክሊኒክ ካርድ አውጥቶ የሚያውቅ ወንድም አይታ አታውቅም።

ኮሪደሩ ላይ ከሃያ የማያንሱ ሴቶችና እኔ ነበርን። ወዲያው ለታደለች ቦታ ለቀቁላት። አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች ሴት ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «ባል ማለት እንዲህ ነው። የእኔ በር ላይ አድርሶኝ ሄደ» አለች። ሌሎቹም መረቁኝ። እዚያ ቆሜ የመልካም ባልን ምርቃት ተቀበልኩ። ምን ማለት ነበረብኝ?

«ደስታ!» ተብሎ ሲጠራ ሁለታችንም ተነሣን። ነርሷ ታደለችን ክንዷን ይዛ አስገባችና «ወንድ ውጭ ይጠብቃል» ብላ በሩን አፍንጫዬ ላይ ዘጋችው። ባለቤቴ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሻሿ ተጣሞ ወጣች።

«ምን አደረጉሽ?»

«ተመረመርኩ።»

«እኔ አይደለሁም አላልሻቸውም?»

«አልኳቸው። ‹አይዞሽ እናቴ፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው› አሉኝ።»

ነገሩን የፈታችው አንዲት ጠና ያለች ሲስተር ናት። የጤና ጣቢያውን ወረቀት እስከ መጨረሻው አነበበችና ሳቋን ዋጥ አድርጋ እኔን አስገባችኝ። ሸሚዜን እስካወልቅ ድረስ ላብ አጠመቀኝ። አንድ አንጋፋ ሐኪም በአልትራሳውንድ አየኝ፣ በመርፌ ናሙና ወሰደ። ሲስተሯ ቁስሉ ላይ ፕላስተር እየለጠፈች «ወንዶችም ይይዛቸዋል። ብርቅ ነው እንጂ አዲስ አይደለም» አለችኝ። ውጤቱ ለሰኞ ተባለ።

እስከ ሰኞ

የለቡን ነገር ልንገራችሁ። ሰፈሩ በቀን ያድጋል። ሆሳዕና ውስጥ የአያቴ ቤት አጠገብ የነበረው ዛፍ ዛሬም እዚያው ነው፤ ሰው መንገድ ሲጠይቀኝ በእሱ ነው የምመራው። ለቡ ላይ ዓርብ ጠዋት ከቤት ስወጣ ለመመለሻ እንዲሆነኝ አንድ የአሸዋ ክምር ምልክት አደረግሁ። ከሰዓት ስመለስ ክምሩ የለም፤ ግንብ ሆኗል። ሁለት ሰዓት ያህል በብሎኬትና በፌሮ ብረት መካከል ዞርኩ። ያዳነኝ አንድ ባለሱቅ ነው፤ ንግግሬን ሰምቶ ከደቡብ መምጣቴን አወቀና «እኔም የወራቤ ልጅ ነኝ» አለኝ። ሱቁን ዘግቶ በእግሩ ታምራት ቤት ድረስ አደረሰኝ፤ መንገድ ላይም የወራቤ በርበሬ ከማንም እንደሚበልጥ አስረዳኝ። አልተከራከርኩትም።

አስቴር ምን እንደሚያመኝ አልጠየቀችም፤ «ደረቱን ነው» ተብላለች። ምግብ ግን በሰዓት በሰዓቱ ታቀርባለች። ታምራት ከሥራ ሲመለስ ፀጉሩ ላይ ጂፕሰም አርፎበት ሽማግሌ መስሎ ይገባል። የተረፈውን ጊዜ የአስቴርን መጋረጃዎች ስዘምዝም አሳለፍኩ፤ በር ካልሆኑ አይቀር በሥርዓት ይሰፉ ብዬ።

ሰኞ እንደገና

የውጤት ቀን ታደለች ውሃ ልትገዛ ወረደች። ወዲያው «የደስታ ቤተሰብ!» የሚል ጥሪ ተሰማ። ኮሪደሩ ጸጥ አለ። እኛ አገርም እዚህም ወጉ አንድ ነው፤ ክፉ ውጤት ለታማሚው አይነገርም፣ ለቤተሰቡ ነው። ስለዚህ ታማሚው በስሙ ከተጠራ ደህና ነው፤ ቤተሰቡ ከተጠራ ግን ነገር አለ። እኔ ደስታም ነኝ፣ የደስታ ቤተሰብም ነኝ፤ ሌላ የሚነሣ ስላልነበረ ተነሣሁ። ባለፈው የመረቀችኝ ሴት ጀርባዬን ዳሰሰችኝ።

ውስጥ የጠበቀችኝ ከዚህ በፊት ያላየኋት ወጣት ሐኪም ናት። የነጭ ጋዋኗ አንደኛው እጅጌ ተጣሞ የተሰፋ ነው፤ ዓይኔን እዚያ ላይ ጣልኩ።

«ባለቤትዎ አብረው መጥተዋል?»

«አዎ፣ ውሃ ልትገዛ ወጣች።»

«ጥሩ፤ ሳይመለሱ እንነጋገር። ይቀመጡ አባቴ።» ወረቀቱን አየች። «የባለቤትዎ ውጤት ጥሩ አይደለም። ካንሰር ነው።»

ባለፈው ማክሰኞ ታደለችን በስሕተት ሲመረምሯት የሆነ ነገር አግኝተዋል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ የራሴን ስደብቅ የእሷን ሳላይ ቀረሁ።

«ለምን እስከዚህ ዘገያችሁ?» አለች ሐኪሟ። ድምፅዋን አላነሣችም፤ ቢሆንም ተቆጥታለች። «ይህ የወር የሁለት ወር ነገር አይደለም። ዓመት ሙሉ ይህን ይዘው ሲዞሩ እርስዎ የት ነበሩ? አንድ አልጋ ላይ የሚተኛ ሰው አያይም?»

አለቀስኩ። ሐኪም ፊት አልቅሼ አላውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት፣ ልጆቼን ያሳደገች፣ እና እኔ ቀና ብዬ አላየኋትም። ሐኪሟ ራርታ ሶፍት ሰጠችኝና ወረቀቱን ታብራራልኝ ጀመር፤ ግራ ጡት፣ ልክ ከጫፉ ሥር፣ በመርፌ የተወሰደ ናሙና። መርፌ? ታደለችን ማንም በመርፌ አልነካትም። እጄ ወደ ሸሚዜ ገባ፤ ፕላስተሩ አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። ካንሰሩ የእኔ እንደሆነ ሳውቅ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፈገግ ሳልል አልቀረሁም መሰለኝ፣ ሐኪሟ ደንግጣ «አባቴ፣ ውሃ ልስጥዎት?» አለች።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ግን ልጄ የምትሆን ሴት ፊት እንደዚያ ተንሰቅስቄ ካለቀስኩ በኋላ «ጡቱ የእኔ ነው» ማለት አቃተኝ። እሷም ቀጠለች፤ «እስከ ሐሙስ አይንገሯቸው። ደህና ምግብ ይብሉ፣ አይጨነቁ። ሐሙስ ይዘዋቸው ይምጡ። እርስዎ ወንድ ነዎት፣ ቻል ያድርጉት።» እሺ ብዬ ወጣሁ።

በዚያው ሰዓት፣ እኔ ሳላውቅ፣ ጠናዋ ሲስተር ታደለችን ታች ውሃ መሸጫው ጋ አግኝታት ነበር። መርፌውን ስወጋ አብራ ስለነበረች እሷ ታማሚው ማን እንደሆነ በደንብ ታውቃለች። የባለቤትሽ ውጤት ካንሰር ነው፣ እስከ ሐሙስ አትንገሪው፣ ወንድ ቶሎ ይሰበራል፣ በርቺ ብላታለች።

ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን። ሁለታችንም ዓይናችን ቀልቷል፣ ሁለታችንም ፈገግ ብለናል።

«ምን አሉህ?»

«ምንም። ሐሙስ ተመለሱ ነው ያሉት።»

«እኔም የሰማሁት እሱኑ ነው» አለች ታደለች።

ማክሰኞ እንደገና

እንደዚያ ቀን ብላ ብላ ተብዬ አላውቅም። ታደለች ሁለት እንቁላል ቀቅላ አመጣችልኝ። እኔ ለእሷ አንዱን ላጥኩላት፤ ታማሚዋ እሷ እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ ከትናንቱ ድንጋጤ በኋላ ግን ዝም ብዬ እንድትበላ ፈለግሁ። «አንተ ብላ» አለች። «አንቺ ብዪ» አልኩ። እንቁላሉ ሳህን ላይ ደረቀ። እኔ ሐሙስ ሳልነግራት ቀድሜ ሄጄ ነገሩን ላስተካክል አስባለሁ፤ እሷ ደግሞ ሐሙስ በምን ሰበብ እንደምትወስደኝ ታስባለች። «ሐሙስ እኔን ይዩኝ እንዴ፣ ወገቤን ያመኛል» አለችኝ። «ይዩሽ» አልኩ። ነገሩ ሁለታችንንም በጣም ተመቸን።

ከሰዓት ታምራት ወደ ጣሪያው ጠራኝ። በር በሌለው ቤት ምሥጢር የሚወራው ጣሪያ ላይ ነው። የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሐኪሟ ምን አለች?» አለኝ።

የሆነውን ከመጀመሪያው ላጫውተው ብዬ «ሐኪሟማ ባለቤትህ ካንሰር አለባት አለችኝ» አልኩ። «ግን...» ልል ስል ታምራት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ማልቀስ ጀመረ። «እህቴን» ይላል። ጂፕሰሙ ከእንባው ጋር ተቀላቅሎ ጉንጩ ላይ ደረቀ። ዝም በል፣ እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በቃ አላልኩም። «ለማንም አትንገር» ብቻ አልኩት። ከዚህ ጉዞ የማፍርበት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ታች ደግሞ ታደለች ለአስቴር የእኔን ነግራት «ለማንም አትንገሪ» ብላታለች። በኋላ እንደሰማነው ባልና ሚስቱ አንዱ ለአንዱ አልተናገሩም፤ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ነገር ግን ሁለቱም አማኞች ናቸው፤ ለጸሎት መንገር ደግሞ ለሰው መንገር አይደለም። ታምራት ለቤት ኅብረታቸው መሪ ለወንጌላዊው ደውሎ የእህቱን ነገር በምሥጢር ነገረው። አስቴርም ደውላ የእኔን በምሥጢር ነገረችው።

ረቡዕ

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ኅብረቱ መጣ፤ አሥራ ሁለት ሰዎች፣ አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች። እኛ ጋ የጸሎት እንግዳ አስቀድሞ ልጅ ይልካል፤ እዚህ መጋረጃ ገልጦ ይገባል። ሰው ሁሉ ታደለችንና እኔን በእኩል አዘኔታ እያየ ጨበጠን። ነገሩ ገርሞኝ ሳለ ወንጌላዊው ተነሣ። ወጣት ነው፤ ለስታዲየም የሚበቃ ድምፅ አለው። «ዓይናችንን እንጨፍን» አለ።

«ጌታ ሆይ፣ በዚህ ቤት የገባውን መከራ ታውቃለህ። የእህታችንን የታደለችን ጡት ዳስስ።»

«አሜን» አለ ቤቱ። የታምራት አሜን ከሁሉ በላይ ተሰማ።

«የወንድማችንን የደስታንም ጡት ዳስስ።»

ከሳሎኑ ግማሹ አሜን አለ፤ ግማሹ አሜኑን ዋጠው። ዓይኔን ገለጥኩ። ታደለችም ገልጣለች። ታምራት አስቴርን ያያል፣ አስቴር ታምራትን ታያለች። አንዲት እናት፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «ይህ በሽታ በባልና ሚስት ይጋባል እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ወንጌላዊው ጸሎቱን አቆመ። ታደለች ወደ እኔ ዞረች።

«የእኔ ጡት ምን ሆነ?»

አሥራ ሁለት ሰው እያየኝ ተናዘዝኩ፤ የሐኪሟን ስሕተት፣ የእኔን ዝምታ፣ የጣሪያውን ነገር። ታምራት ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ፤ በጥፊ ይመታኛል ብዬ ነበር። እቅፍ አድርጎ ሳቀ፣ መልሶ አለቀሰ፣ ከዚያ ደግሞ «ጋሼ፣ ሁለት ቀን አስለቀሱኝ እኮ» ብሎ ተቆጣ። ታደለች አልሳቀችም። እንግዶቹ ሁሉ እስኪሄዱ ጠበቀችና «አንተ ለዚህ ነገር የምታፍረው እስከ መቼ ነው? እስክትቀበር?» አለችኝ። ለቅሶዋ ያን ጊዜ መጣ፤ አብሬያት አለቀስኩ።

ሐሙስ

ወጣቷ ሐኪም ነገሩን ስትሰማ ተነሥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ኮምፒውተሩ ላይ «ሴት» የሚለውን «ወንድ» አድርጋ ብትቀይረው የጡት ክፍሉ ገጽ ተዘጋ። ሦስት ጊዜ ሞከረች። በመጨረሻ ሕክምናው እንዳይቋረጥ ወደ «ሴት» መለሰችኝ። እስከ ዛሬ በዚያ መዝገብ ሴት ነኝ።

ከዚያ የመጣሁበትን ጠየቅኋት። «እኖራለሁ ወይ?»

እንደ ልማዷ ዓይኗን ወደ ታደለች አዞረች። ታደለች እጇን አነሣች። «ልጄ፣ የጠየቀሽ እሱ ነው። ለእሱ ንገሪው።»

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። እጢው ከሆርሞን የሚመገብ ዓይነት ነው አለች፤ የወንዶች አብዛኛው እንደዚህ እንደሆነ፣ ይህም መልካም እንደሆነ፣ ምግቡን የሚከለክል ክኒን ለዓመታት እንደምውጥ ነገረችኝ። መጠኑ ግን አድጓል። ብብቴ ሥር ያሉት ንፍፊቶች ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ቀዶ ጥገናው ይነግረናል። «ወንድ ስለሆኑ የተለየ በሽታ አይደለም» አለች። «በአንድ ደረጃ ላይ ከመጡ የወንዱና የሴቷ ተስፋ ያን ያህል አይራራቅም። ችግሩ ወንዶች በጊዜ አይመጡም። ጡት የለንም ብለው ያስባሉ።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ተስፋዎ ጥሩ ነው። ሽምብራ ያክል እያለ ቢመጡ ከዚህ የተሻለ እል ነበር። እርግጠኛ ነኝ ብዬ አልዋሽዎትም።»

በሕይወቴ ሐኪም ፊት ለፊት እንዲህ ሲነግረኝ የመጀመሪያዬ ነው። ፈራሁ፤ ግን ከሰኞው ፍርሃት ይሻል ነበር።

«ወንድም አለዎት?» አለች ስትጨርስ። «በቤተሰብ ሊሄድ ይችላል። ይንገሩት፤ ይመርመር።»

አንድ ታላቅ ወንድም አለኝ፣ ጋሼ አኒሎ። የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ ነው። ጋሼ አኒሎ የላም ጡት እንኳ በስሙ አይጠራም፤ «የወተቱ ቦታ» ነው የሚለው። ለእሱ ከምነግር ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ቢደረግልኝ እመርጣለሁ ብዬ አሰብኩ።

ከሰኞ እስከ መመለሻችን

ሰኞ ቀዶ ጥገናው ተደረገልኝ። የጡት ታማሚዎች ክፍል የሴቶች ስለሆነ እኔን ወንዶች ጋ፣ ስብራት ከሚታከሙት መካከል አስተኙኝ። አጠገቤ እዚያው ለቡ ላይ ከፎቅ የወደቀ ግንበኛ ነበር፤ ሁለት እግሩ ጄሶ ውስጥ ነው። «አንተስ ከየት ወደቅህ?» አለኝ።

«አልወደቅሁም። ጡቴን ነው» አልኩት። ሳልገደድ ለማያውቀኝ ሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

«የወንድ?»

«የወንድ።»

«እኔ ደግሞ ጉድ የሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ ስል ነበር» አለና ከያዘው ብርቱካን ግማሹን አቀበለኝ።

ታምራት በየቀኑ ከሥራ ቀጥታ እየመጣ አልጋዬን ጂፕሰም በጂፕሰም ያደርገዋል፤ ነርሶቹ አንሶላውን እየቀየሩ ይቆጡታል። አስቴር አጥሚት በፔርሙስ ታመጣለች። ያቺ የመረቀችኝ ሴት ሳትቀር ከሁለተኛው ፎቅ ወርዳ ጠየቀችኝ፤ «ለካ ምርቃቴን በከንቱ ወስደህ ነበር» ብላ ሳቀች፤ ከዚያም ታደለችን በእኔ ፈንታ መረቀቻት።

በሳምንቱ ውጤት መጣ። ከንፍፊቶቹ ሁለቱ ውስጥ ተገኝቷል፤ ሌሎቹ ንጹሕ ናቸው። ከክኒኑ በተጨማሪ እየተመላለስኩ የምወስደው መድኃኒት ታዘዘልኝ። ሐኪሟ ይህንንም ለእኔ ነገረችኝ። በማግስቱ ጠዋት ተሳፈርን፤ አስቴር ለመንገድ ፓስታ በእንጀራ ጠቅልላ ሰጠችን፤ ቡታጅራ ላይ ባለ ምግብ ቤቱ አይቶን ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆንን ግራ ገባው። ታደለች ትከሻዬ እንዳይመታ መንገዱን በሙሉ በነጠላዋ ደግፋኝ መጣች።

ቤት

ሆሳዕና የደረስን ቀን ጎረቤት ሁሉ ክሩ የት አለ ብሎ ሳይሆን ምን ሆነህ ብሎ መጣ። ነገርኳቸው። የጸሎቱን ስነግራቸው ሳቁ፣ የሐኪሟን ስነግራቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። ጋሼ አኒሎ ጥግ ላይ ዱላውን ይዞ ተቀምጦ ሁሉንም ሰማ። ሰው ተነሥቶ ሲወጣ ግን እሱ አልተነሣም።

መጨረሻ ላይ ሁለታችን ስንቀር ተነሥቶ በሩን ዘጋውና ቀረቀረው። ኮቱን አወለቀ። የሸሚዙ ቁልፍ እንቢ አለው፤ እኔ ፈታሁለት። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ገላውን አይቼ አላውቅም።

«የት ጋ ነው የሚነካው?» አለኝ።

አሳየሁት። እጄን ወስጄ ግራውን ዳሰስኩ፣ ከጫፉ ሥር፣ ዙሪያውን፣ ብብቱንም። ምንም የለም። «ቀኙንም» አለ። ቀኙንም ዳሰስኩ። እዚያም ምንም የለም። «እንደገና እየው፤ አትቸኩል» አለኝ። እንደገና አየሁ። ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ልጅ ይተነፍሳል። ሐኪም ማየቱ አይቀርም፣ አብረን እንሄዳለን አልኩት፤ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከደስታዬ የተነሣ ማልቀስ ጀመርኩ።

ያን ጊዜ ታደለች ከውጭ በሩን አንኳኳች። «በር ቀርቅራችሁ ምን እየሠራችሁ ነው?»

እኔ መልስ እየፈለግሁ ሳለ ጋሼ አኒሎ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው የእድር ሰብሳቢ ድምፁ፣ «ጡቴን እያሳየሁት ነው» አላት።